የስፌት ሠራተኛን አፈጻጸም በኤስፒኤስኤስ መመዘን

ገላን ውስጥ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ብዙ ባልደረቦች ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለመክፈት ይቸኩላሉ። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ቁጥሩ የማን እንደሆነ ነው። መብራት ጠፍቶ ማሽን የቆመበትን ሰዓት ሳትቀንሱ የቀን ምርት ብቻ ካያችሁ፣ የመዘናችሁት ሠራተኛዋን ሳይሆን ጄኔሬተሩን ነው። ስለዚህ ከተሰፋው ብዛት ለእርማት የተመለሰውን ቀንሱ፤ የቀረውን ማሽኑ በሠራበት ሰዓት አካፍሉ። ኮሌታ የምትገጥመው ቀጥ ያለ ጎን ከምትሰፋው ጋር በብዛት አትወዳደርም፤ ለየሥራው የተቀመጠውን የሰዓት ዒላማ ይዛችሁ ውጤቱን በመቶኛ አስሉ።

በኤስፒኤስኤስ አንድ ረድፍ አንድ ሠራተኛ ነው። በአንድ መስመር ሁለት አልማዝ አይጠፋምና በስም ፋንታ የባጅ ቁጥር አስገቡ። የቅጥር ቀን ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። ሶፍትዌሩ ጳጉሜን አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ አይቀበለውም፤ ጥቅምት 5ን ግን ዝም ብሎ ፌብሩዋሪ 5 ያደርገዋል፤ ይህ ይብሳል። የአገልግሎት ዘመኑን በወር አስልታችሁ እንደ ተራ ቁጥር መዝግቡት። በወሊድ ፈቃድ ላይ ላለችው 0 መስጠት ግፍ ነው። 999 ጻፉና በቫሪያብል ቪው ገጽ «ሚሲንግ» በሚለው ዓምድ አሳውቁት፤ 99 እውነተኛ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ከላይ ካለው ሜኑ አናላይዝ፣ ዲስክሪፕቲቭ ስታቲስቲክስ፣ ኤክስፕሎርን ክፈቱ። የምርቱን መቶኛ በዲፔንደንት፣ የስፌት መስመሩን በፋክተር፣ ባጁን በሌብል ኬዝስ ሳጥን አስገቡ። አማካዩን ብቻ አትመኑ፤ ሁለት ፈጣን እጆች መስመሩን በሙሉ ጎበዝ ያስመስሉታል። ሚዲያኑን፣ ማለትም ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ ተመልከቱ።

የመስመር ኃላፊዎች ከ1 እስከ 5 የሚሰጡት ነጥብ ይሉኝታ አለበት። አብራችሁ ዕቁብ ለምትጥሏት ሴት 2 መስጠት ቀላል አይደለም። በአናላይዝ ውስጥ በኮሪሌት ስር ባይቫሪየትን ከፍታችሁ፣ የሁለት ነገሮችን ደረጃ የሚያነጻጽረውን ስፒርማንን ምረጡና ነጥቡን ከምርቱ ጋር አስተያዩ። ውጤቱ ወደ 0 ከተጠጋ ነጥቡና ምርቱ አብረው አይሄዱም። ኃላፊው ለሁሉም 4 ሰጥቶ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ከነጭራሹ ማስላት አይችልም፤ ያም ራሱ መልስ ነው።

የፈቃዱ ክፍያ ከከበዳችሁ ፒኤስፒፒ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከዚህ አብዛኛውን ይሠራል።

ኤክስፕሎር በሚያወጣው የሳጥን ሥዕል (ቦክስፕሎት) ላይ ከታች ለብቻው የወጣ ክብ ካያችሁ የባጅ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ማሽኑ ሂዱ፤ መካኒኩንም መርፌው ስንት ጊዜ እንደተሰበረ ጠይቁት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፍ ከሆነ ከዚያ በኋላ ይጻፍ።