የዶናት ግሌዝ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ቦምቦሊኖን ከነትኩሱ፣ ያለ ምንም ቅብ በሻይ የሚወድ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢዘለው አይፈረድበትም። በግሌዝ፣ ማለትም በስኳር ቅብ፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ሲይዙት እጅ ላይ የማይጣበቅ ዶናት ለምትፈልጉ ግን እንቀጥል። ዶናቱን ጠብሳችኋል ብዬ ነው የምነሳው፤ የሊጡ ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ለ8 ዶናት ያህል 200 ግራም ዱቄት ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተትና ቁንጥር ጨው ያስፈልጋል። ቅቤ ስል የተነጠረውን አይደለም። ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት ዶናት ማንም አይፈልግም፤ እሱን ለጨጨብሳ አስቀምጡት። ጾም ከሆነ ቅቤና ወተቱን ትታችሁ በውሃና በሎሚ ጭማቂ ሥሩት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የሚጥመው የቡናው ነው። አቦሉን ጠንከር አድርጋችሁ አፍሉ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቁ፣ በወተቱ ፈንታ ከላይ የጠለለውን ጨምሩ።

ሱፐርማርኬት ያለው የታሸገ ዱቄት ስኳር ዋጋው አይቀመስም። ከሸማቾች የገዛችሁት ስኳር ይበቃል። ለ200 ግራም አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምራችሁ በብሌንደር ፍጩት። ስታርቹ እርጥበት ስለሚመጥ ስኳሩ አይጓጉልም፤ የፋብሪካው ውስጥም የሚገባው ለዚሁ ነው። ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ፤ ብናኙ ቀጥ ብሎ አፍንጫችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። በጥሩ ወንፊት ንፉትና በሁለት ጣት አሸት አድርጉት። እንደ አሸዋ ከቆረቆረ ተመልሶ ይፈጭ። በቡና መፍጫም ይፈጫል፤ ሽታው ግን አይለቅም። ለቡናው ግሌዝ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ዋናው ጣጣ ፈሳሹ ላይ ነው። ስኳሩ ላይ ቅቤውን፣ ጨውንና ሁለት ማንኪያ ወተት ስትጨምሩ መጀመሪያ ደረቅ ሊጥ ይመስላል። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ ደንግጦም ግማሽ ሲኒ ወተት ይደፋበታል። አትድፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ አማስሉ። ስኳሩ ሲሟሟ ራሱ እየላላ ይመጣል። አሁንም ከወፈረ በሻይ ማንኪያ ጨምሩ፤ እየተቃረባችሁ ስትሄዱ ደግሞ በጠብታ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወተት ወፍራሙን ቀጭን ያደርገዋል።

ልክነቱን በዓይን ብቻ አትመኑ። ማንኪያውን ከፍ አድርጋችሁ ግሌዙ ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ እንዲወርድ ተዉት። የወረደው ላዩ ላይ መስመር ይሠራል። መስመሩ እስከ 10 ስትቆጥሩ ቀስ ብሎ ከጠፋ ደርሷል። ወዲያው ከጠፋ ቀጥኗልና ስኳር ጨምሩ። ተጋድሞ ከቀረ ወፍሯል። በሎሚ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጭማቂውን አጥሉት፤ አንዲት ፍሬ ዶናቱ ላይ ከወጣች ታሳፍራለች።

ቀጥሎ የዶናቱ ሙቀት አለ። ከዘይት እንደወጣ ብትነክሩት ግሌዙ ቀልጦ ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ባዶ ይቀራል። ጨርሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቅቡ ወፍሮ ይቀመጥና ሲነከስ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። በባዶ እጅ ሳያቃጥል መያዝ ሲቻል ነው ሰዓቱ። ኬክ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። አንዱን ገጽ ብቻ ንከሩ፣ ትንሽ አሽከርክራችሁ አንሱ፣ እስኪንጠባጠብ ያዙት፣ ከዚያ ሽቦ ላይ። ሽቦ ከሌለ የኦቨኑ መደርደሪያ ይሆናል። ከሥሩ ትሪ አድርጉ፤ የሚንጠባጠበው ተመልሶ ያገለግላል።

ስኳርና ውሃ አፍልቶ በሽሮፕ የሚሠራም አለ። የውጭ ቪዲዮ እያያችሁ የምትሞክሩት ከሆነ የሚነግሯችሁን ዲግሪ እንዳለ አትቀበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው 112 ዲግሪ ካለ እናንተ 104 አካባቢ አውርዱ። 112 እስኪደርስ ከጠበቃችሁ ውሃው ከልክ በላይ ይተንና ሲቀዘቅዝ ጥርስ የሚያስወልቅ ከረሜላ ይሆናል።

አየሩም የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ፣ በተለይ ታኅሣሥና ጥር፣ ግሌዙ ገና ሳህኑ ውስጥ እያለ ላዩ ቆዳ ያወጣል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ሐምሌና ነሐሴ ተቃራኒው ነው፤ ስኳር እርጥበት ይስባል፣ የደረቀው ቅብ ተመልሶ ያልባል። በዚያ ወቅት ግሌዙን ትንሽ ወፈር አድርጉት። ዶናቱን ፍሪጅ አታስገቡ፣ ላስቲክ ውስጥም አትቋጥሩ። ከፒያሳ አራት ኪሎ ቢሮ ድረስ ይዞ ለሚሄድ ሰው ካርቶን ይሻላል። ክዳኑን ገርበብ አድርጎ፣ ሳይደራርቡ።

የተረፈው ግሌዝ በክዳን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ስትፈልጉት ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አማስሉት። እሳት ላይ አትጣዱት፤ ከጋለ ሲደርቅ ብርሃኑን ያጣል።