የሳንባ አቅም ምርመራ ውጤትን የሚለውጡ ሕመሞችና ልማዶች፦ ከምርመራው በፊት ማወቅና መናገር የሚገባን

ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የሳንባ አቅም ምርመራ ከደም ምርመራ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ደም የሚሰጥ ሰው ክንዱን ከመዘርጋት ሌላ ድርሻ የለውም፤ እዚህ ግን ውጤቱን የሚያወጣው ተመርማሪው ራሱ ነው። አፍንጫው ተቆንጥጦ፣ ቱቦውን በከንፈሩ አጥብቆ ይዞ፣ ደረቱ እስኪሞላ አየር ከሳበ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ በአንድ ጊዜ መልቀቅና ምንም እስከማይቀር ድረስ መግፋት አለበት። መሣሪያው በጠቅላላ የወጣውን አየርና በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ ብቻ የወጣውን ለይቶ ይመዘግባል፤ የፊተኛው ኤፍ ቪ ሲ፣ የኋለኛው ኤፍ ኢ ቪ 1 ይባላል። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር እንግዲህ የሳንባው ብቻ ሳይሆን የዚያ ሰሞን ጉንፋን፣ የጠዋቱ ቡና፣ የተወሰደው ፓፍ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) እና የቆየው ሕመም ሁሉ ያረፈበት ነው። ባለሙያው ይህን ካልሰማ ቁጥሩን በትክክል ሊያነበው ስለማይችል፣ መዘጋጀትና በግልጽ መናገር የምርመራው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጠሮውን ማዘግየት የሚገባው መቼ ነው?

ጉንፋን ወይም የደረት ኢንፌክሽን ከያዝዎ፣ ሐኪሙ በዚያው ሁኔታ እንዲታይ ካልፈለገ በስተቀር፣ ቀጠሮው ቢተላለፍ ይሻላል፤ የአየር ቧንቧው ተቆጥቶ እያለ የሚወሰድ ልኬት ከወትሮው ዝቅ ሊል ይችላልና። በኃይል መንፋት በደረት፣ በሆድ፣ በዓይንና በጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር፣ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ ወይም የዓይን፣ የጆሮ ወይም የሳይነስ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እንዲሁም ባለፉት 4 ሳምንታት ውስጥ የደረት፣ የሆድ ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። አክታው ደም የቀላቀለ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የሚጠረጠርበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ የአክታ ምርመራ ያድርግ፤ ይህ ለእሱም፣ በዚያው ክፍል ለሚገቡትም ጥንቃቄ ነው።

መድኃኒቶች

ምርመራው አስም መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከሆነ፣ ቧንቧ የሚያሰፉ መድኃኒቶች ቀድመው ከተወሰዱ ችግሩን ይሸፍኑታል። በተለምዶ ሳልቡታሞል ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ አይፕራትሮፒየም 12 ሰዓት፣ ሳልሜትሮልና ፎርሞቴሮል 24 ሰዓት፣ ቲዮትሮፒየም ደግሞ ከ36 እስከ 48 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማሉ። ሕክምናው መሥራቱን ለማየት ለሚደረግ ምርመራ ግን መድኃኒቱ እንደ ወትሮው ይወሰዳል፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ቀጠሮ የሰጠዎትን ሐኪም ሳይጠይቁ በራስዎ ምንም አያቁሙ። በመካከል ትንፋሽ ካጠረዎት ፓፉን ያለ ማመንታት ይውሰዱና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ምርመራው ሌላ ቀን ሊደገም ይችላል። እንደ ቤክሎሜታዞን ያሉ በየቀኑ የሚሳቡ ስቴሮይዶች አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጡም። በጾም ምክንያት ፓፉን የተዉ ካሉም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገሩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከሳንባ ጋር የማይገናኙ የሚመስሉትን መድኃኒቶች ነው። ለደም ግፊት፣ ለልብ ምት ወይም ለእንቅርት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል። ለግላኮማ ዓይን ውስጥ የሚጨመረው የቲሞሎል ጠብታም ወደ ደም ገብቶ ይህንኑ ያደርጋል። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባሉ የዓይን ጠብታን የሚጠቅሱ ጥቂቶች ናቸውና፣ ከቤት ሲወጡ ሁሉንም በከረጢት ይዘው መሄድ ጥሩ ነው።

የዕለቱ ልማዶች

ቡናን በሚመለከት፣ ካፌይን የአየር ቧንቧን በመጠኑ የማስፋት ባሕርይ አለው፤ ይህም እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። አንድ ስኒ ብዙ ለውጥ ባያመጣም፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ የሚመጣ ሰው ውጤቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ በዚያ ጠዋት ቡናውን ከምርመራው በኋላ ማድረግ ይመረጣል። ከቡናው ጋር የሚመጣው የዕጣንና የከሰል ጭስ ደግሞ አስም ላለበት ሰው በተቃራኒው ቧንቧውን የሚያስቆጣ ነው። ሲጋራ፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምርመራው ቢያንስ 1 ሰዓት ሲቀረው፣ አልኮልና ሌላ የሚያሰክር ነገር ደግሞ 8 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በምርመራው ጊዜ የሚሰጠው ሳልቡታሞልም ልብን ስለሚያስመታ በዚያ ዕለት ሁለቱ ባይደራረቡ መልካም ነው።

ለዚህ ምርመራ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም፤ ይሁንና ሆድ እስኪነፋ መብላት ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች እንዳይወርድ ስለሚከለክል ከባድ ምግብ ምርመራው 2 ሰዓት ሲቀረው ይጠናቀቅ። ጠባብ ልብስም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው የሚያስሩ እናቶች ከመንፋታቸው በፊት ሊያላሉት ይገባል። ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት ሽንት ቤት መሄድም ይረዳል፤ ሽንት ያመልጠኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው በሙሉ ኃይሉ አይነፋምና።

ዕድሜና ቁመት

ውጤቱ የሚነጻጸረው ተመሳሳይ ዕድሜ፣ ጾታና ቁመት ካለው ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው መጠን ጋር ነው። እዚህ ላይ በዘመን አቆጣጠራችን ምክንያት በተለይ እኛን የሚያጋጥም ስሕተት አለ። በ1970 ዓ.ም. የተወለዱ ሰው ዓመቱ ሳይቀየር 1970 ተብሎ በመሣሪያው ላይ ቢመዘገብ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1977 ወይም 1978 መሆን ሲገባው፣ ከ7 እስከ 8 ዓመት ተጨምሮባቸው ይቆጠራሉ። ኤፍ ኢ ቪ 1 በጤነኛ አዋቂ ሰውም በዓመት ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚቀንስ፣ የሚጠበቀው መጠን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ዝቅ ይልና የታመመ ሳንባ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። የተመዘገበውን ዕድሜዎን አንድ ጊዜ እንዲያነቡልዎ ይጠይቁ። ቁመትም ያለ ጫማ ይለካ፤ ጀርባው የጎበጠ ሰው ሁለቱን ክንዶቹን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ለብዙ ዓመታት ጥቁር ተብሎ የተመዘገበ ሰው የሚጠበቅበት መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ይሰላ ነበር፤ በ2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ ዘርን የማይጠይቅ ስሌት እንዲተካ መክሯል። የድሮና የአዲስ ወረቀት ይዘው ሲያነጻጽሩ በመቶኛ የወረደው ሳንባዎ ተጎድቶ ሳይሆን ስሌቱ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በሊትር የተጻፈውን ይመልከቱ።

ሕመሞች በውጤቱ ላይ የሚያሳዩት ምልክት

ኤፍ ኢ ቪ 1 ለኤፍ ቪ ሲ ሲካፈል፣ ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከተወሰደም በኋላ ከ0.70 በታች ከሆነ፣ ከሕመም ምልክቶቹ ጋር ተዳምሮ ሲኦፒዲ ወደሚባለው የቆየ የቧንቧ መጥበብ ይጠቁማል። አስም ግን የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ሌሊት ሲያፍን ያደረ ሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፣ ይህም «አስም የለብህም» ማለት አይደለም። ውፍረት፣ የመጨረሻ ወራት እርግዝና፣ የጀርባ አጥንት መጣመም፣ የልብ ድካምና በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውኃ ሳንባው እንዳይሰፋ በማድረግ ኤፍ ቪ ሲን ሊቀንሱ ይችላሉ። የደም ማነስ ስፓይሮሜትሪን ብዙም ባይለውጥም፣ ጋዝ ከሳንባ ወደ ደም እንዴት እንደሚያልፍ የሚለካውን ሌላውን ምርመራ ዝቅ ስለሚያደርግ የሄሞግሎቢን ውጤት ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ ከዳነ በኋላም የሚተወው ጠባሳ ቧንቧን ሊያጠብም፣ ሳንባውን ሊያኮማትርም ይችላል፤ ሕክምናው ከ20 ዓመት በፊት ያለቀ ቢሆን እንኳ ይነገር።

ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ የማድቤት ጭስ ነው። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» የሚለው ጥያቄ ለአንዲት የገጠር እናት ሲቀርብላት «ኧረ በጭራሽ!» ትላለች፤ ጥያቄውም በዚያው ይዘጋል። ይህች ሴት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ መስኮት በሌለው ማድቤት፣ በማገዶና በኩበት ጭስ ላይ አጎንብሳ እንጀራ ስትጋግር ኖራለች፤ የማገዶ ጭስ ደግሞ ሲጋራ ነክቶ በማያውቅ ሰው ላይ ሲኦፒዲ ያስከትላል። ስለዚህ እናትዎን ለምርመራ ሲወስዱ፣ ባይጠየቁም እንኳ ስንት ዓመት በማገዶ እንዳበሰሉ፣ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ እንደነበረና እንዳልነበረ ይንገሩላቸው። በወፍጮ ቤት፣ በጥጥ መፍተያ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም በድንጋይ ጠረባ የሠራ ሰውም እንዲሁ የሥራ ዘመኑን ያስረዳ፤ የጥጥ አቧራ የሚያስከትለው የደረት መጨነቅ ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚብስ በመሆኑ፣ ምርመራው የተደረገበት ቀን ራሱ ለውጥ ያመጣል።

ሲነፉና ከነፉ በኋላ

ቢያንስ 3 ጥሩ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱ ልኬቶች በአዋቂ ሰው ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ ሊለያዩ አይገባም። ስለዚህ «ድገሙ» መባል ውድቀት አይደለም። በመካከል ካሳለዎት ወይም ካዞረዎት ይናገሩና ዐረፍ ይበሉ። ሳልቡታሞል ተሰጥቶ ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ የሚደገመው ልኬት ቧንቧው ምን ያህል እንደሚከፈት ስለሚያሳይ፣ ደክሞኛል ብለው ሳይጨርሱ አይውጡ። የሚያጨስ ሰው በአንድ ሳምንት ማቆም ቁጥሩ እንዲያንሰራራ መጠበቅ የለበትም፤ ቀላል የቧንቧ መጥበብ ባለባቸው አጫሾች ላይ ለዓመታት በተደረገው ክትትል ግን፣ ማጨስ የቀጠሉት በዓመት ወደ 60 ሚሊ ሊትር ሲያጡ ያቆሙት የሚያጡት ግማሹን ያህል ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ሲቀበሉ ግራፉም አብሮ እንዲታተምልዎ ይጠይቁ፤ በጀርባው ላይም የዚያን ዕለት ሁኔታ፣ ማለትም የተወሰደውን መድኃኒትና ሰዓቱን፣ ሳል መኖር አለመኖሩን፣ ክብደትዎን ጽፈው ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ከራስዎ የቀድሞ ውጤት ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል።