ነፍሰ ጡርንና ጨቅላን ከጭስና ከፕላስቲክ ኬሚካል እንዴት እንጠብቅ?

ልጅ ሲወፍር ጣት የሚቀሰረው ምግቡ ላይ ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም፤ ጣፋጩ፣ ለስላሳ መጠጡና ስልክ ላይ ተተክሎ መዋሉ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ሆኖም ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚደርሱበት አንዳንድ በካይ ነገሮችም ሰውነቱን ወደ ስብ ማጠራቀም ሊያዘነብሉት ይችላሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ብሉምበርግና ፊሊክስ ግሩን እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንዲህ ዓይነቶቹ ኬሚካሎች «ኦቢሶጅን» የሚል ስም አወጡላቸው። ቀድሞ በመርከብ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረውን ትሪቢዩቲልቲን ለእርጉዝ አይጦች ሲሰጡ የተወለዱት ግልገሎች ስብ አበዙ። ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን እንደየብክለቱ ይለያያል፤ ሁሉን ነገር ፈርቶ መኖር ስለማይቻል ጠንከር ካለው መጀመር ይሻላል።

መጀመሪያ ሲጋራን ከቤት ያስወጡ። በእርግዝና ወቅት የሚያጨሱ እናቶች የሚወልዷቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ሲወለዱ ትንንሽ ናቸው፤ በኋላ ግን ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መስኮት ከፍቶ ማጨስ አይበቃም። ቤት ውስጥም መኪና ውስጥም ፈጽሞ አይጨስ። ሺሻም ከዚሁ ይቆጠራል፤ እንዲያውም የከሰሉ ጭስ ይጨመርበታል።

ቀጥሎ ማድ ቤቱን ይመልከቱ። ኒውዮርክ ውስጥ፣ በሰሜን ማንሃተንና በደቡብ ብሮንክስ፣ የማያጨሱ ነፍሰ ጡሮች አየር የሚመዝን መሣሪያ በጀርባ ቦርሳ ተሸክመው እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ነበር። የሚለካው ነዳጅ፣ እንጨትና ከሰል በደንብ ሳይቃጠሉ ሲቀሩ የሚወጣ የውህዶች ስብስብ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ውጤት ብዙውን የተነፈሱት እናቶች ልጆች 7 ዓመት ሲሞላቸው ከልክ ላለፈ ውፍረት የመጋለጥ ዕድላቸው ትንሽ ከተነፈሱት እናቶች ልጆች ከእጥፍ በላይ ነበር። እዚያ ዋናው ምንጭ የከተማው አየር ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ምድጃው ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ እንጀራ ከመጋገር ትረፍ፤ ቤተሰቡ በተራ ይጋግርላት። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከሌለ ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃና በደንብ የደረቀ እንጨት ብዙ ይቀንሳሉ። ማድ ቤቱና መኝታው በአንድ ክፍል ከሆኑ ቢያንስ ሕፃኑ እሳቱ እስኪጠፋ ሌላ ቦታ ይቆይ። እናት አዝላው ወጥ የምትሠራ ከሆነ እሷ የምትተነፍሰውን ጭስ እሱም ይተነፍሳል።

አራስ ቤት ለብቻው መነሳት አለበት። «ብርድ ይመታታል» ተብሎ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ሁሉ ቡና ይቆላለታል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ከሰሉ ጥግ ላይ እንደ ጋመ ያድራል። የአሥር ቀኑ ልጅ በዚህ መሃል ተኝቷል። ቡናውን ማንም አይከልክል፣ ቦታውን ግን መቀየር ይቻላል። «እማዬ፣ ዛሬ ቡናውን በረንዳ ላይ እናፍላው፣ ልጁ ይተኛበት» ማለት አያትን የሚያስቀይም አይመስለኝም። ከሰሉም ውጭ ይቀጣጠል። ፍም ሆኖ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃልና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ከውፍረት ወሬ በፊት ሕይወት ያጠፋል።

ከዚያ ፕላስቲክ ይምጣ። ፕላስቲክ ሙቀትና ቅባት ሲያገኝ ኬሚካሉን በብዛት ይለቃል። ትኩስ ሽሮ በፌስታል ተቋጥሮ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውንና ጠንካራ ፕላስቲክ ለመሥራት የሚያገለግለውን ቢፒኤ የተባለ ኬሚካል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011፣ አሜሪካ በ2012 ከጡጦ አግደዋል። ዕቃው ላይ «ቢፒኤ ፍሪ» ስለተባለ ግን አይዘናጉ፤ የተተኩትም አንዳንዶቹ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የዱቄት ወተት የሚያዘጋጁ ከሆነ ፈልቶ ብዙ ያልቆየውን ውኃ በንጹሕ የብረት ኩባያ ውስጥ ከዱቄቱ ጋር ያዋህዱና ሲቀዘቅዝ ወደ ጡጦው ይገልብጡ። ጀርሞቹን ለመግደል ውኃው ከ70 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም፤ ጡጦው ግን ያን ትኩሳት ባያገኝ ይመረጣል። ማይክሮዌቭ ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር የምትኖሩ፣ የልጅ ምግብ በፕላስቲክ ዕቃ አታሙቁ።

ፀረ ተባይም አለ። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ለአሥርተ ዓመታት በየቤቱ ተረጭቷል፤ ቅሪቱ ሰውነት ስብ ውስጥ ይቀመጥና በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስፔን ውስጥ በተደረገ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ቅሪቱ ደማቸው ውስጥ የበዛባቸው እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ክብደት በፍጥነት የመጨመር ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውኃና ለወተት አይሁን። ልጅ በሚተኛበት ክፍል ፍሊት ከመንፋት አጎበር መስቀል ይሻላል።

ኬሚካሉ በጡት ወተትም ያልፋል መባሉ ጡት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚለው ምክር ዛሬም እንዳለ ነው፤ ጥቅሙ ከስጋቱ ይበልጣል።

በመጨረሻ ልጁን ያስመዝኑ። ድንቡሽቡሽ ያለ ሕፃን ሁሉ ወፍራም አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት መካከል የቀነጨሩት 37 በመቶ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት 2 በመቶ ነበሩ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከቁመቱ ጋር እንዴት እንደሆነ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ፤ 2 ዓመት ያልሞላው ተኝቶ ይለካል። ያለ ባለሙያ ምክር ግን ከሕፃን አፍ ምግብ አይቀንሱ።