ከብሪታኒያ አጋር ጋር የአውሮፓ ኅብረትን የልማት ገንዘብ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ብሪታኒያ ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታለች። ከለንደን ድርጅት ጋር ተጣምሮ የኅብረቱን የልማት ገንዘብ ሲያገኝ ለነበረ የአዲስ አበባ ማኅበር ግን በሩ አልተዘጋበትም።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየትኛው ቋት እንደሚመጣ ይለዩ። ለልማት ሥራ ከሆነ የሚመለከትዎ «ግሎባል ዩሮፕ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 ወደ 79.5 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት ቋት ነው። ይህ ቋት የሚተዳደርበትን ደንብ አንቀጽ 28 ደጋግመው ያንብቡ። ሥራው እጅግ ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ባለ አገር የሚከናወን ከሆነ፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች ተቋማትም መወዳደር ይችላሉ ይላል። ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች ተርታ ናት፤ ብሪታኒያም የድርጅቱ አባል ናት። አጋርዎ ኬንያ ውስጥ በዚህ ድንጋጌ የማያገኘውን መብት እዚህ ያገኛል ማለት ነው። ሰብዓዊ ዕርዳታ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ በመሠረቱ የሚታየው አመልካቹ ድርጅት በአውሮፓ ኅብረት አባል አገር መመዝገቡ ነው።

ደንቡ ቢፈቅድም ሁልጊዜ ተባባሪ አመልካች ሆኖ መቅረትን አልመክርም። ሥራውን የሚሠራውም ሕዝቡን የሚያውቀውም እዚህ ያለው ማኅበር ሆኖ ሳለ፣ ፊርማው ለምን ከለንደን ይመጣል? ኅብረቱ የሚያወጣው የማመልከቻ ጥሪ ከፈቀደ እርስዎ ዋና አመልካች ይሁኑ፤ አጋርዎ ተባባሪ ይሁን። ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ ገንዘቡ በእጅዎ ሲገባ የሒሳብ ጥያቄውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ጥሪ ከመውጣቱ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገቡበትን የምስክር ወረቀት፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመሩ ሒሳቦችንና ዓመታዊ ሪፖርቶችን አሟልተው ይያዙ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ቢሮ የቀየራችሁ ማኅበራት፣ አድራሻችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መዝገብና በኅብረቱ የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

ጥሪው ሲወጣ ከበጀቱ በፊት አብሮት የሚወጣውን የአመልካቾች መመሪያ ክፍል 2.1.1 ያንብቡ፤ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚወሰነው እዚያ ነው። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ የሚቀበሉት ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን 21 ቀን ቀደም ብሎ እስካለው ጊዜ ብቻ ነው። «አጋራችን ብቁ ነው?» ብለው ግን አይጻፉ። የኅብረቱ ልዑክ ጽሕፈት ቤት አመልካቾችን በእኩል ዓይን ለማየት ሲል ስለ አንድ ድርጅት ብቁነት አስቀድሞ አስተያየት አይሰጥም። አንቀጹን ጠቅሰው አጠቃላይ ማብራሪያ ይጠይቁ፤ መልሱ ለሁሉም አመልካቾች ይፋ ይደረጋል።