ከልጅ ጋር ትንሽ የባልሳ ሮኬት እንዴት ይቀረጻል?

ለልጅ የመጀመሪያ የእንጨት ሥራ ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት የተሻለ አላውቅም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ደረቅ ባልሳ በአማካይ 160 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ላይ ለስላሳ ነው። የትንሽ ልጅ እጅም በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ቅርጽ ያወጣለታል።

አብዛኛው ባልሳ የሚመጣው ከኢኳዶር ስለሆነ ጎንደር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2.5 በ2.5 ውፍረት ያለው ቁራጭ አስመጡ። ለክንፍ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ስስ ጣውላ ይበቃል። ካልተገኘ የቃጫ ተክል አበባውን የሚሸከምበት ረጅም አገዳ አለ። ሲደርቅ በጣም ቀላልና ለመቅረጽ የሚመች ነው። ቅጠሉ እሾህ አለው፣ ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል። ስለዚህ አገዳውን አዋቂ ይቁረጠው። ክንፉን ከጠንካራ ካርቶን መሥራት ይቻላል።

ሌላው ቀላል ነው፦ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ከተር፣ የእንጨት ኮላ፣ ክር፣ እና ቁጥር 80፣ 120 እና 240 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል)። ከተሩ የእናንተ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ የልጁ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

አካሉ

በእንጨቱ ሁለት ጫፎች ላይ ከማዕዘን ማዕዘን መስመር አስምሩ። የተገናኙበት ቦታ መሃሉ ነው። ከዚያ አራቱን ጠርዞች በከተር በስሱ ላጡ፣ ስምንት ጎን ይሁን። በአንዴ ክብ ላድርግ ያለ ሰው እንጨቱን ያጣምመዋል።

ከዚህ በኋላ ለልጁ ልቀቁለት። ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀቱን በትንሽ ጣውላ ላይ ጠቅልሉለት። ልጄ አፍንጫው እየሾለ ሲሄድ ስለምትደሰት እዚያው ቦታ ላይ ትቀራለች። እኔ የምላት አንድ ነገር ነው፦ «አሥር ጊዜ ፈግፍጊ፣ ከዚያ ትንሽ አዙሪ።» ካልተዞረ አንዱ ጎን ይጎድላል።

አፍንጫውን ከመጠን በላይ አታሹሉት። ከድምፅ ፍጥነት በታች ለሚሄድ ትንሽ ሮኬት ድቡልቡል ያለ አፍንጫ ነው የሚሻለው። የፋሲል ግንብ ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ጉልላቶች ለልጁ አሳዩትና ያንን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሣሉ። የተሣለውን ቅርጽ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ቀዳዳ የቀረበትን ካርቶን አፍንጫው ላይ ደግፉና ወደ መስኮት ዞራችሁ እዩ። ካርቶኑ የነካው ቦታ ገና መፈግፈግ ያለበት ነው። ብርሃን የሚያሳልፈውን አትንኩ። ልጅ ይህን አንዴ ካየ በኋላ ራሱ እየለካ ይሠራል።

አቧራው ደቃቅ ስለሆነ ውጭ ሥሩ፣ ማስክም አድርጉ።

ክንፎቹ

ሦስት ክንፍ ይበቃል። ስትቆርጡ የእንጨቱ ጭረት (በላዩ ላይ የሚታዩት ረጃጅም መስመሮች) ከአካሉ ወደ ውጭ ይሂድ። ከአካሉ ጋር ትይዩ ከሆነ በመጀመሪያው ውድቀት ይሰነጠቃል።

እኩል ለማራራቅ ወረቀት በአካሉ ዙሪያ ጠምጥሙ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጉ፣ ፈትታችሁ እስከ ምልክቱ ያለውን ሦስት እኩል ክፍል እንዲሆን እጠፉት። ሁለቱ እጥፋቶችና የተገናኘበት ምልክት የሦስቱ ክንፎች ቦታ ናቸው። ማጠፉን ልጁ ይሥራው። ክፍልፋይ የሚባለው ትምህርት በእጁ ላይ ነው ያለው።

ኮላውን በስሱ ቀቡና ክንፉን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያዙት። በክረምት የጎንደር እርጥበት ኮላውን ስለሚያዘገይ በማግሥቱ ብትቀጥሉ ይሻላል። እስኪደርቅ ድረስ ስለ እውነተኛ ሮኬት አውሩ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ከቻይና የተወነጨፈችው በሎንግ ማርች ሮኬት ነበር። ልጆች ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው አያልቅም።

ማለስለስና ቀለም

ባልሳ ቀለም ይመጥጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ አንድ ዙር ቀቡት። ሲደርቅ ጸጉሩ ብድግ ይላል። በቁጥር 240 አለስልሱና ድገሙት። ቀለሙን ልጁ ይምረጥ።

በክር መሞከር

እንጨቱን በጣት ላይ አመዛዝኑና ሚዛኑን የጠበቀበት ቦታ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ክር እሰሩ። ክሩ እንዳይንሸራተት በፕላስተር ያዙት። ሜዳ ላይ፣ ሰው ራቅ ብሎ፣ ከራስ በላይ አሽከርክሩት። አፍንጫው ፊት ፊት ከሄደ ሮኬቱ የተረጋጋ ነው። ከተገለባበጠ ወይም በጅራቱ ከሄደ አፍንጫው ውስጥ አጭር ሚስማር አስገቡ፣ ወይም ክንፉን አስፉ። ሚስማሩ ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣል። ነፋሱ ደግሞ ከኋላ ያሉትን ክንፎች ይገፋል። ሁለቱ ሲተባበሩ አቅጣጫው ይስተካከላል። ሚስማር ከጨመራችሁ ሚዛኑ ስለሚቀየር የክሩንም ቦታ ቀይሩ።

ርችትም ሆነ የክብሪት ራስ በፍጹም አታስገቡበት። ይህ በእጅ የሚወረወርና በክር የሚሽከረከር ሮኬት ነው።