መጠይቁ ሁሉ «እስማማለሁ» ሆኖ ሲመለስ

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳማክር ዓመታት አለፉ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚገጥመኝ ብልሽት ያው ነው። ተለዋዋጭ ምን እንደሆነ፣ መላምት እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ምልክቱ፦ ዳታው ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ገብቷል። 5 «በጣም እስማማለሁ»፣ 1 «በጣም አልስማማም» በሆነበት መለኪያ አማካዩ 4.2፣ 4.3፣ 4.1። ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ይስማማል። መልሱ ካልተለያየ ደግሞ ምንም ግንኙነት አይወጣም። ተማሪው «ሶፍትዌሩ እምቢ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ደህና ነው። መጀመሪያ የወረቀቱን እስር ፍቱ።

አንዷ ተማሪዬ ከኮምቦልቻ ወጣ ያለ ቀበሌ ሄዳ ሕዝቡ በቀበሌው ላይ ያለውን እምነት አጠናች። ወረቀቶቹን ስናገላብጥ ራይቱ በአንድ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። «ማን አብሮሽ ነበር?» አልኳት። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ ቤት ሊያሳያት። እያንዳንዱ ቤት መደብ ላይ አብሯት ይቀመጥ ነበር።

በሌላ ቀን ብቻዋን ላክኳት። መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው» ያሏት እናት ቡና አፈሉላት። አቦሉን ዝም ብለው ቀዱ። ቶናው ላይ «ልጄ፣ ቦኖው ከደረቀ ከረመ። ለማን አቤት ልበል?» አሏት። ሰዎቻችን እንግዳ ፊት ባለሥልጣን አያሳጡም፤ ይሉኝታም ፍርሃትም አለ። እኚህ እናት አልዋሹም። ጥያቄው የቀረበላቸው በማይመለስበት ቦታ ነው።

መፍትሄው፦ ደብዳቤያችሁን ለቀበሌው ስጡ፣ ፈቃድ ያዙ፣ ሰውዬውን እዚያው ተሰናበቱት። ስም እንደማትመዘግቡ ንገሩ፤ አትመዝግቡም። ከጥያቄዎቹ የግማሹን ሐሳብ ወደ ተቃራኒው ገልብጡ። «ቀበሌው አቤቱታዬን ይሰማል» ካላችሁ፣ ራቅ አድርጋችሁ «አቤቱታ ማቅረብ ድካም ብቻ ነው» በሉ። ሁለቱንም «እስማማለሁ» ያለ ሰው ጥያቄውን አልሰማውም። አደራ፣ የተገለበጠውን ስታስገቡ 5ን 1፣ 4ን 2 አድርጉ። ይህን ረስቶ ክሮንባክ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መጣጣማቸውን የሚለካው ቁጥር) ኔጌቲቭ የወጣበት ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ትርጉም ነው። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተቀዳ መጠይቅ በስልክ ተተርጉሞ «የፖለቲካ ውጤታማነትዎ ምን ያህል ነው?» ይላል። ሊለካ የተፈለገው ሰውዬው ድምፄ ዋጋ አለው ብሎ ማመኑን ነው። ገበሬው ግን ስለ ምርት የተጠየቀ ይመስለዋል። ደግሞ «ቀበሌው ግልጽና ተጠያቂ ነው» የሚል ጥያቄ አታምጡብኝ። ሁለት ጥያቄ ነው፤ ክፈሉት። ከዚያ 10 ሰው ላይ ሞክሩና «ምን የተጠየቁ መሰለዎት?» በሉ። ይህችን አንድ ቀን የሚቆጥብ ሰው ሴሚስተር ይከፍልባታል።

ናሙና፦ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ሁሉም ይገለብጣል። ለ10,000 ሰው በ5 በመቶ ስህተት 385 ይወጣል፣ ልክ ነው። ግን ቀመሩ የሚሠራው በዕጣ ለተመረጠ ሰው ነው። ደሴ ፒያሳ ቆሞ ያገኙትን 385 አላፊ አግዳሚ መጠየቅ የዕጣ ናሙና አይባልም።

ግጭት ያለባቸውን ቀበሌዎች ብቻ መርጦ የግጭትን መንስኤ ማግኘት አይቻልም። ሰላም የሆኑትንም ጨምሩ።

የጎደለ ወረቀት ካፌ ቁጭ ብላችሁ አትሙሉ። ይህ ሌብነት ነው፤ ካየሁ አልፈርምም።

ባቲ የምትሄዱ፣ ሰኞ ቤት ለቤት አትዙሩ። ሰው ገበያ ነው፤ የምታገኙት ቤት ጠባቂውን ብቻ ነው።