ለጣና የጀልባ ሞተር ስትገዙ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት አዲስ ሞተር በባጃጅ ጭኖ መጣ። ገና ሳይወርድ ነው የጀመረው። «ጋሼ፣ ፎርጅድ ሸጠውልኛል!» ሰው ሲጭንበት ጀልባው ይጎተታል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል። ካንዴላውን ፈታሁት። ጫፉ በጥላሸት ጠቁሯል። ሞተሩ ግን ፎርጅድ አልነበረም። በዚህ ዓመት በዚሁ ጉዳይ ሲመጣብኝ አራተኛው ሰው ነው። አፌን ከማደክም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሞተሩ ላይ የተጻፈው 15 የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። የምጽዋ ወይም የጅቡቲ ሰው ሙሉውን ያገኘዋል። ጣና ግን 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን አያቃጥልም። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ደምሩት፤ እኛ ጋ ሲደርስ 18 በመቶ ገደማ ሄዷል። 15 ብላችሁ የከፈላችሁበት ሞተር እዚህ 12 ነው። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ብትወስዱትም ብዙ አይለወጥም።

እዚህ ድረስ የማንም ጥፋት የለበትም። እኔን የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰዉ ሞተሩን ከነፋብሪካ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ይከተውና በሳምንቱ ሻጩን መርገም ይጀምራል። ፕሮፔለር እኮ እንደ ቡሎን ነው። አንዴ ሲዞር ምን ያህል ወደፊት እንደሚሄድ በኢንች ይለካል፣ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ እላዩ ላይ ተቀርጿል፤ የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ይሄ ወደፊት የሚሄድበት ልክ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ትልቅ ሲሆን ፍጥነት ይሰጣል፣ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ ለቀነሰ ሞተር የጠረፉን ፕሮፔለር መተው ማለት ጭነት የሞላው አይሱዙ በአራተኛ ማርሽ አባይ በረሃን ውጣ ማለት ነው። ይወጣል? ያጓራል፣ ይግላል፣ ይቆማል። መፍትሔው በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ነው፣ በቃ። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ የቤንዚኑን ቀዳዳ ጠበብ ባለ እንዲቀይርላችሁ ለመካኒካችሁ ንገሩት። ያ የካንዴላ ጥላሸት የሚመጣው ቤንዚኑ ለአየሩ ሲበዛበት ነው። ልክ መሆኑን ለማወቅ ጀልባው ጭነቱን እንደያዘ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስለኩ። ማኑዋሉ ላይ ካለው በታች ከሆነ ፕሮፔለሩ ከብዶታል።

የልጁን በአንድ ከሰዓት ጨረስነው። «እኔማ ሸጬው 40 ልገዛ ነበር» አለኝ። ይኸውላችሁ ሌላው ስህተት። ስድስት ሜትር የሆነ፣ ሰውና ጆንያ የሞላበት ጀልባ ውሃውን እየገፋ ነው የሚሄደው እንጂ ብድግ ብሎ ላዩ ላይ አይንሸራተትም። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ራሱ ያስነሳው ማዕበል ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ቤንዚን ማዕበሉን ያሳድጋል እንጂ አያደርሳችሁም። ሸራ ላለው ትንሽ ጀልባማ 5 ወይም 6 ፈረስ ይበቃዋል፤ ሞተሩ የሚያስፈልገው ነፋስ ሲጠፋና ዳር ሲደረስ ነው።

ወደ ውሃ የሚወርደው የሞተሩ እግር ምን ያህል መርዘም እንዳለበት ሳትለኩ ሱቅ አትግቡ። ሞተሩ ከሚታሰርበት ጠርዝ እስከ ጀልባው ሆድ ሜትር ጣሉበት። 38 ሴንቲ ገደማ ከሆነ አጭሩን፣ 51 ገደማ ከሆነ ረጅሙን ነው። አጭር መግዛት የሚቆጨው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነው፤ ማዕበሉ የጀልባውን ጀርባ ባነሳው ቁጥር ፕሮፔለሩ አየር እየዛቀ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን እዚያው ነው። ረጅሙ ደግሞ ዳር ዳሩን ድንጋይ ይለቅማል።

አሁን የራሴን ልናገር። የመጀመሪያዬን ያገለገለ ፎር ስትሮክ ሞተር (ዘይቱን እንደ መኪና ለብቻው የሚይዘውን) ከአዲስ አበባ ያመጣሁት አይሱዙ ላይ አስተኝቼ ነው። በየትኛው ጎኑ? በተመቸኝ ጎን! በዚህ በኩል አስተኙ የሚል ሥዕል እላዩ ላይ ነበር፣ ማን አየው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ አባይን ወርዶ ወጥቶ፣ ላዩ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ተጭኖበት ደረሰ። ማስነሻ ገመዱን ስስበው ንቅንቅ አይልም። ዘይቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል ለካ። እልኸኛ ነኝና እግሬን አስደግፌ ሳብኩት፤ ገመዱ ተበጠሰ፣ እኔ በጀርባዬ ወደቅኩ። አጠገቤ መረብ የሚጠግኑ አንድ አባት ቀና ሳይሉ «አንተ፣ ካንዴላውን ፈተህ ሳበዋ» አሉኝ። ገመዱን ቀጥዬ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ሳብኩ። ዘይቱ ሸሚዜን አለበሰኝ። ሞተሩ ግን ተረፈ።

ያገለገለ ሞተር ልታዩ ሄዳችሁ ከሞቀ ጠበቃችሁ? ቡናችሁን ጠጡና እስኪቀዘቅዝ ቆዩ። የሞቀ ሞተር ለማንም ይነሳል። ከዚያ ካቻቢቴ ይዛችሁ እግሩ ታች ያለችውን የካምቢዮ ዘይት መክፈቻ ትንሽ አላሏት። የሚወጣው ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ጎሚኒው አልቆለታል። ወይ ዋጋውን አስወርዱ ወይ እጃችሁን ጠርጋችሁ ሂዱ። ደግሞ ያለ ውሃ በደረቁ ላስነሳላችሁ የሚለውን ሻጭ ከልክሉት። የውሃ ፓምፑ ጎማ እንዲያ ሲሆን አንድ ደቂቃም አይቆይም። በርሜል ውሃ ያምጣ።

የዚያ ሞዴል የፓምፕ ጎማ ገበያ ላይ ከሌለ ሞተሩ በነፃም ውድ ነው።

ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር ውስጥ የመኪና ዘይት አትጨምሩ። ጣሳው ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 (TC-W3) የሚል መሆን አለበት፤ ለብዙዎቹ ሞተሮች 50 ቤንዚን ለ 1 ዘይት ነው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዓይን ግምት እየቀዳችሁ «ትንሽ ጨመር ላድርግለት» የምትሉ፣ እናንተን ነው።

በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ እምቦጭ ባለበት በኩል የምትሠሩ ደግሞ ዓይናችሁ ሞተሩን አቀዝቅዛ ከጀርባው ከምትወጣው ቀጭን ውሃ ላይ አይነሳ። ከቆመች አጥፉት፣ ብድግ አድርጉት፣ ማስገቢያው ላይ የተለጠፈውን ቅጠል አውጡ። እስክደርስ ይቻለው ያለ ሰው ፒስተን ሲገዛ አይቻለሁ።

ሞተሩን ጀልባው ላይ የሚይዙት ሁለቱ የእጅ ማጥበቂያዎች በንዝረት ይላላሉ፣ ስለዚህ ሞተሩን በሰንሰለት ከጀልባው ጋር እሰሩት። ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ሲጠልቅ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ውሃው ግን ድፍርስ ነው። የማውቀው አንድ ጀልበኛ የወደቀበትን ሞተር በመልሕቅ ሲጎትት ሦስት ቀን ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሞተር አወጣ። የእሱ አልነበረም።